የሞተረኞች ጥያቄና መልስ፦ ከመነዳሪውን ላውጣ ወይስ ልተወው?

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት ሞተር ናቸው። መልኳ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ፣ ሆዷ የዛሬ። ክብ የፊት መብራት፣ ሞላ ያለ ታንከር፣ ባለ ራጂ (ባለ ቀጫጭን ዘንግ) ቸርኬ አላት፤ ከውስጥ ግን ነዳጇን ኮምፒውተር ይመጥናል፣ ፍሬኗም ኤቢኤስ (ሲይዙት ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ) አለው። እንደ ሮያል ኢንፊልድና ትሪያምፍ ያሉት የሚሠሯቸው፣ ዘመናዊ ክላሲክ የሚባሉት ማለት ነው። እንደ ባጃጅ በየመንገዱ ባይርመሰመሱም ባለቤቶቻቸው ጥያቄ አያልቅባቸውም። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ሰፈሬ ድሬ፣ ሳቢያን ነው። የምነዳት የሮያል ኢንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ናት። ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ የኋላ ጎማዬን ሚስማር ወጋውና ባንዴ ተነፈሰ። ጭራዋ ግራ ቀኝ ሲላት እንደምንም ዳር ያዝኩ። ፒክአፕ ለምኜ ጎሚስታ ጋ አደረስኳት፤ እሱ ደግሞ ጎማውን ሲመልስ አዲሱን ከመነዳሪ በመፍቻው ብረት ቆነጠጠውና እንደገና ፈታን። አሁን ጓደኞቼ «የራጂውን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈንና ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የምትሄድ) አድርጋት» እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ላድርገው? ያዋጣል?
ሞተረኛው ከሳቢያን

መልስ፦ እንኳን ተረፍክ። ደንገጎ ላይ ጭራዋ የዋዠቀ ሞተርና ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር መኪና ባይገናኙ ነው የሚሻለው።

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል፣ ያዋጣልም፤ ግን ሁሉም ቸርኬ አይሆንም፣ ሁሉም ሲሊኮን አይሆንም። ጓደኞችህ የነገሩህ ግማሹን ነው።

በመጀመሪያ ለምን ባንዴ እንደተነፈሰብህ እንይ። ከመነዳሪ ስስ ላስቲክ ነው፣ ተወጥሮ የተነፋ። ሚስማር ሲያገኘው ቀዳዳው ይሰፋል፣ አንዳንዴም ይተረተራል፤ አየሩ ደግሞ በቫልቩ ዙሪያም በራጂዎቹ ቀዳዳም እንደልቡ ይወጣል። ቱብለስ ላይ አየሩን የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው። ወፍራም ነው፣ ከውስጥ አየር የማያሳልፍ ሽፋን አለው፣ የገባበትን ሚስማር ነክሶ ይይዘዋል። አየሩ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ አንተም መሪው ሲከብድህ ይታወቅሃል፣ ቦታ መርጠህ ትቆማለህ። ጎማውን ከሞተሩ ሳታወርድ ቀዳዳውን በመጠገኛ ገመድ ትወትፈውና በትንሽ ፓምፕ ነፍተህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ቱብለስ ቱብለስ የሚለው፤ ደንገጎን ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ቸርኬህ። ጎማው ወርዶ እያለ ቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ፈልግ። ከመጠኑ አጠገብ «ኤም ቲ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካየህ ደስ ይበልህ። የጎማው ጠርዝ ከሚያርፍበት ቦታ ቀጥሎ ዙሪያውን ትንሽ ጉብታ አለው ማለት ነው። በእጅህ ስትዳስሰው ይታወቅሃል። ያቺ ጉብታ ናት ጎማው ሲተነፍስ ጠርዙን ይዛ ወደ ቸርኬው መሀል እንዳይወድቅ የምታደርገው። «ደብልዩ ኤም» የሚል ከሆነ ግን ጉብታው የለም። እንዲህ ያለ ቸርኬ ደፍነህ አየር ልታስይዘው ትችላለህ፤ አየሩ ሲቀንስ ግን ኩርባ ላይ ጠርዙ ከቦታው ሊወጣና ያለውን አየር በሙሉ ባንዴ ሊለቅብህ ይችላል። የፊት ጎማ ላይ ከሆነ ደግሞ ወድቀሃል ማለት ነው። ስለዚህ ጉብታ ከሌለው ነገሩን እዚያው ተወው፣ ከከመነዳሪህ ጋር በሰላም ኑር። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ቀጥሎ ጎማው። ጎኑ ላይ «ቱብለስ» ተብሎ መጻፍ አለበት። «ቱብ ታይፕ» የሚለው ጎማ ከውስጥ ያ አየር የማያሳልፍ ሽፋን የለውም፤ ቸርኬህን ብታሳምረውም ጎማው ራሱ ያንጠባጥባል። ያንተ ሞተር ከፊት 100/90-18፣ ከኋላ 130/70-18 ነው የምታደርገው፤ በዚህ መጠን ቱብለስ የሆነ ጎማ አለ፣ ስትገዛ ፊደሉን ራስህ አንብብ። ሻጩ «ያው ነው አቦ» ካለህ አይደለም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከመድፈንህ በፊት ራጂዎቹ መጠበቅና ቸርኬው መቅናት አለበት። በአንድ ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ 36 ራጂ አለ። እያንዳንዱን በትንሽ መፍቻ መታ መታ አድርገህ ስማው፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ያፍናል። ጎማውን አሽከርክረህ ቸርኬው ወደ ጎን ይወዛወዝ እንደሆነ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘል እንደሆነ እይ። ከተደፈነ በኋላ ራጂ ማጥበቅ ማለት የደፈንከውን መቅደድ ነው፤ ፍሬው ሲዞር ማሸጊያው ይላቀቃል። ከነጭርሱ ራጂህ በየጊዜው የሚላላ ከሆነ መጀመሪያ የዚያን ምክንያት ፈልግ። አንዳንድ ጊዜ የቸርኬ እንጂ የራጂ ጥፋት አይደለም፤ ጉድጓድ መትቶ ዳሩ የገባ ቸርኬ በማሸጊያ አይድንም፣ አየሩም በዚያው በኩል ነው የሚያመልጠው።

ሦስቱንም ካለፍክ ሥራው ይኸውልህ። በቸርኬው መሀል ያለውን የላስቲክ ጥብጣብ ላጥ። ከሥሩ የራጂዎቹ ፍሬዎች ተሰልፈው ታያለህ፣ ዙሪያቸውን ዝገት፣ የደቻቱ አሸዋና የድሮ ጎማ ዱቄት ተጋግሮባቸዋል። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገህ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳብሰህ፣ ከዚያ በአሴቶን ወይም በንጹህ አልኮል በነጭ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግም። በቤንዚን አትጥረግ፣ ቅባት ይተዋል። ከጠረግህ በኋላ በጣትህ አትንካው።

ማሸጊያው ምን ይሁን? መስታወት ቤት የሚሸጠው፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አይሆንም። ያ ሽታ አሲድ ነው፣ ብረትና አሉሚኒየም ይበላል፣ ከጊዜ በኋላም እንደ ቆዳ ተገፎ ይነሳል። የምትፈልገው ፖሊዩሪታን የሚባለውን ዓይነት ነው፣ ጀልባና የመኪና መስታወት የሚለጠፍበትን። በየራጂው ፍሬ ላይ ጠብታ አስቀምጥ፤ ፍሬው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበትን ክብ በሙሉ ይሸፍን፣ አየር አይቋጥር። እሱ ከደረቀ በኋላ የቸርኬውን መሀል ዙሪያውን በስስ ንብርብር ሸፍነው። የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ጠብታ እንኳ እንዳይደርስ፤ እዚያ ላይ ከተጋገረ ጎማው ቦታውን አይይዝም።

ስለ መድረቅ አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ማሸጊያ የሚደርቀው በሙቀት ብቻ መስሎህ የድሬ ፀሐይ ላይ አውጥተህ አትዘርጋው። የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ አጠገቡ ባልዲ ውሃ ብታኖር አይከፋም፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቀን ሙሉ ጠብቅ። አንዳንዱ ሳምንት ይፈልጋል። ዓርብ ደፍኖ ቅዳሜ ሐረር ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

ቫልቩም ይቀየራል። የከመነዳሪው ቫልቭ ከከመነዳሪው ጋር ይወጣል፤ በቦታው ለቱብለስ የሚሆን፣ በዳዶ የሚጠብቅ የብረት ቫልቭ ከላስቲክ ማጠቢያው ጋር ይገባል። የሞተር ቸርኬ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ከምናምን ስለሆነ የመኪናው ወፍራም ቫልቭ አይገባም። ቀዳዳውን ላስፋ አትበል፣ ልኩን ቫልቭ ፈልግ።

ጎማውን ሲያስገቡ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሰው፣ የቫልቩን ሆድ አውጥተው በትልቅ ኮምፕሬሰር ይንፉት። በሁለቱም በኩል ጧ! ጧ! ብሎ ቦታውን ሲይዝ ትሰማለህ። ጎማው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ልክ ግን አይለፉ። ከዚያ ቸርኬውን በሙሉ፣ እያንዳንዱን ራጂ ሳይቀር፣ በሳሙና ውሃ ቀባው። አረፋ የወጣበት ቦታ አልተደፈነም ማለት ነው፣ ይፈታና እንደገና። አረፋ ከሌለ ልኩን ጻፍ፣ አሳድረው፣ በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሰዓት ለካ። ከወረደ ሞተሩ ላይ አይገጠምም።

ይህን ሁሉ ራሴ አላደርግም ካልክ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ። የጃፓኑ አውቴክስ የሚለጠፍ ጥብጣብ ነው፤ ጣሊያኖቹ ባርቱብለስ ደግሞ ቸርኬህን ተቀብለው ደፍነው ይመልሳሉ። ከድሬ ቸርኬ ጣሊያን መላክ ግን ቀልድ ነው። ሌላው መንገድ ቸርኬውን መለወጥ ነው። ሮያል ኢንፊልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንተርሴፕተርን በአንዳንድ ቀለሞች ላይ ራጂ ከሌለው የአሉሚኒየም ቸርኬና ከቱብለስ ጎማ ጋር ማውጣት ጀምሯል። የዚያን ቸርኬ በዘመድ ማስመጣት ከቻልክ ከሁሉ ይሻላል፣ መልኳ ግን ይቀየራል። ራጂ ወድጄ ነው የገዛኋት ካልክ ያው መድፈን ነው።

ጎማ ውስጥ የሚፈሰውን አረንጓዴ ፈሳሽ አደራ። የራጂ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበውን በእሱ ልሸፍን የሚሉ አሉ። ውስጡን አጨማልቆ ለጎሚስታው መከራ ከመሆን አያልፍም።

እኔ ብሆን የኋላውን ብቻ አስቀድሜ አደርገዋለሁ። ሚስማር በብዛት የሚያገኘው እሱን ነው፤ የፊቱ ጎማ አስነስቶ ያቆመውን የኋላው ይረግጠዋል። ለጥቂት ሳምንታት ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን እያልኩ ከተማ ውስጥ ብቻ እነዳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እለካለሁ። ልኩን ከያዘ የፊቱን እቀጥላለሁ። አንድ ከመነዳሪ ግን ከመቀመጫው ሥር አይጠፋም። ጎኑ ላይ የተቀደደ ቱብለስ በገመድ አይጠገንም፤ ያኔ የብረቱን ቫልቭ አውጥቶ ከመነዳሪ ከትቶ ቤት መድረስ ነው። ከድሬ እስከ ጅጅጋ ከመነዳሪ መለጠፍ የማይችል ጎሚስታ የለም። ቱብለስ የተደፈነ ባለ ራጂ ቸርኬ አይቶ የሚያውቅ ግን ስንት አለ? ስለዚህ ለጎሚስታው መጀመሪያ ንገረው፦ «በቸርኬው መሀል ያለውን ግራጫ ነገር በብረት አትንካብኝ»። ካልነገርከው ዝገት መስሎት ይፍቅልሃል።

ፋብሪካው ይህን ሥራ እንደማይመክርም እወቅ። ዋስትና ላይ ያለች ሞተር ከሆነች አስብበት።

ጥያቄ፦ ድሬ ላይ ጎማ አስነፍቼ ሐረር ስደርስ ልኩ ይለወጣል ወይ? አንዱ «ከፍታ ላይ ጎማ ይነፋል፣ አስተንፍሰህ ውጣ» አለኝ።
ከከዚራ

መልስ፦ አታስተንፍስ። ሰውየው የነገረህ ግማሽ እውነት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ወደ ላይ ስትወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት ልክ) ገደማ ጨምሮ ያሳያል። ግን ሐረር ቀዝቃዛ ናት፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማ ግፊት ሁለት ፒኤስአይ አካባቢ ይቀንሳል። አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የሚያሳስተው ሌላ ነው፦ ዳገቱን ወጥተህ ጎማው ሲግል ለክተህ «በዝቷል» ብለህ ማስተንፈስ። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ልኩም ማኑዋሉ ላይ ያለው ነው፣ ሰው ከኋላ ስትጭን ደግሞ ለየት ያለ ቁጥር አለው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሐረር ነው፣ ሸዋ በር አካባቢ። ኮንቲኔንታል ጂቲ 650 አለችኝ። ማርሚታዋን ድምፅ ባለው ቀየርኩ፣ የፊልትሮውን ሳጥን አውጥቼም ክፍት ፊልትሮ አስገባሁ። አሁን ነዳጅ ስለቅ ጧ ጧ ትላለች፣ ከታች ስነሳም ጉልበት የላትም። መካኒኩ «የሐረር አየር ስስ ስለሆነ ነው» አለኝ። እውነት ነው?
የሐረሯ ሞተረኛ

መልስ፦ እህቴ፣ የሐረር አየር ስስ መሆኑ እውነት ነው፤ በመቶ ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ይወስዳል። ግን ያ ማርሚታ ከመቀየርሽ በፊትም ነበር። ሞተርሽ ከፍታውን በሴንሰር ታውቀዋለች፣ ነዳጇን በልኩ ትቀንሳለች፤ እንደ ድሮዎቹ ባለ ካርቡራተሮች ጥቁር ጭስ እያስነጠሳት አትወጣም። የማታውቀው ያንቺን ክፍት ፊልትሮ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ለጭስ ሕግ ሲባል ነዳጇ ቀድሞውንም ቀጠን ተደርጎ ተመጥኗል፤ አንቺ አየሩን ስትጨምሪባት የባሰ ቀጠነ። ከታች ጉልበት ያጣችው በዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የፊልትሮውን ሳጥን መልሺ። መጀመሪያ እሱን ብቻ። ሁለተኛ፣ ማርሚታው ከቧንቧው ጋር የሚጋጠምበትን ጋስኬት እይው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሺና መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ርጪ፣ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ እዚያ አየር ይገባል፣ ነዳጅ ስትለቂ ጧ የሚለውም አብዛኛው በዚያ ነው። ብዙ ጊዜ አሮጌው ጋስኬት ሳይቀየር ማርሚታ ይገጠማል። ሁለቱን ካስተካከልሽ በኋላ ትንሽ ትንሽ ጧ ማለት ቢቀር ጉዳት የለውም። ክፍት ፊልትሮውን የግድ እፈልጋለሁ ካልሽ ኮምፒውተሩ እንደገና መመጠን አለበት፤ ያን የሚያደርግ ማሽንና ባለሙያ ሳታገኚ ፊልትሮ መክፈት ዋጋ የለውም። ደግሞ የሐረማያ መንገድ አቧራ በክፍት ፊልትሮ በኩል የት እንደሚሄድ አስቢው።

ስለ ድምፁም ካነሳን፣ ማርሚታው ጫፍ ላይ የሚገባ የድምፅ መቀነሻ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ አውጥተሽ ጥለሽው ከሆነ ፈልጊና መልሺ። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ግንብ ለግንብ እየተጋጨ የሚወጣው ድምፅ ላንቺ ሙዚቃ ነው፣ ለጎረቤት ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፣ ድሮ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኔሪ ነበርኩ። ልጄ ክላሲክ 350 ሰጥቶኝ ነው የምነዳው። ዘይቷ ሲያልቅ ልጁ ለመኪናው የሚገዛው ጥሩ ዘይት አለ፣ እሱን ብጨምርባት ምን ይለኛል? ካቴናዋንስ በምን ልጠብ? ድሮ እኛ በቤንዚን ነበር የምናጥበው።
ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ስለ ብረት ማስተማር ድፍረት ነው። ግን ዘይቱን አይጨምሩ። በሞተር ሳይክል ውስጥ ያው ዘይት ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ነው የሚያገለግለው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የዘመኑ የመኪና ዘይት፣ በተለይ ቀጭኑ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚያንሸራትት ቅመም አለበት፤ እሱ ፍሪሲዮን ውስጥ ሲገባ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሄድም። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ይፈልጉ፣ ለእርስዎ ሞተር ፋብሪካው የሚለው ውፍረት 15ደብልዩ-50 ነው። 

የካቴናው ነገር እንደ ድሮው አይደለም። የዛሬ ካቴና በየመጋጠሚያው ትንንሽ የላስቲክ ቀለበት አለው፣ ከፋብሪካ የገባውን ግሪስ ይዞ የሚያስቀር። ቤንዚን ያን ላስቲክ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፣ በጨርቅ ያድርቁት። ከዚያ የካምቢዮ ዘይት በስሱ፣ ከነዱ በኋላ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ቢቀቡት ያድራል፣ ይገባል፣ ጠዋት ትርፉን ይጠርጉ። ግሪስ አይለቅልቁበት። እርስዎ ያውቁታል፣ አሸዋ የያዘ ግሪስ እንደ ሞረድ ነው፤ ጥርሶቹን በልቶ ይጨርሳቸዋል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ባይለምዱ ጥሩ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሁላችንም ዓይናችን ወደዚያ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን በካርቡራተር ዘመን ውሃ ቢገባ ከሥር ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ ነበር፤ የዛሬዋ ታንከር ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተቀምጧል፣ ቆሻሻና ውሃ ይገድለዋል። የግድ ከሆነ በጠራ ጠርሙስ አስቀምጠው ትንሽ ይጠብቁ፣ ውሃው ከታች ይለያል።

ጥያቄ፦ ጭጋግ ላይ እንዲያሳየኝ ሁለት ስፖት ላይት አስገጠምኩ፣ ፍሬቻውንም ኤልኢዲ አደረግኩ። አሁን ጠዋት ባትሪው አያስነሳም፣ ፍሬቻውም እየተጣደፈ ነው የሚበራው።
ከሐረማያ

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ፍሬቻው የሚጣደፈው ኤልኢዲ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ ነው፤ አሮጌው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) አምፑል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የሚሆነውን ፍላሸር ግዛ፣ አለቀ።

ባትሪው ግን ሽቦው ከየት እንደተወሰደ እይ። በቀጥታ ከባትሪ ተገጥሞ በስኮች ተጠቅልሎ ከሆነ ይፈታ። በሪሌይና በፊውዝ፣ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ መስመር ይገጠም። ባለ አምፑሉ ስፖት ላይት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ በሚያንኮራፋበት ጊዜ ከሚያመነጨው በላይ ሊበላ ይችላል፤ ገበያ ውስጥ እየተንፏቀቁ ማብራት ይቅር። ባትሪው አንዴ ባዶ ሆኖ ካደረ ሙሉ ቻርጅ አስደርገህ አስለካው፣ ሞቶም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ወደ ድሬ ስወርድ ደንገጎ መሀል ላይ የፊት ፍሬኔ እጄ ውስጥ ለስለስ ይልብኛል፣ እጀታው እስከ መሪው ይጠጋል። ታች ስደርስና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሸራው አዲስ ነው። አንዱ «ትልቅ ዲስክ ቀይር» አለኝ።
ከጀጎል

መልስ፦ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት የፍሬን ዘይቱን ቀይር። መቼ ነው የተቀየረው? መልሱ «ተቀይሮ አያውቅም» ከሆነ ነገሩ ተፈቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ይዘህ ስትወርድ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እጀታህ የሚጨምቀው እንፋሎቱን ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ከታሸገ ጣሳ ብቻ። ተከፍቶ ሱቅ ውስጥ የቆየ ግማሽ ጣሳ አትግዛ። ዶት 5 የሚለውን አታቀላቅልበት፣ ሌላ ነገር ነው። አየሩም በደንብ ይውጣለት፤ ኤቢኤስ ስላለው የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

አነዳዱም አለ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል፣ ቢያንስ ከዚያ አትራቅ። ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬን ከኩርባ በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው፣ ይተንፍስ። ሙሉውን መንገድ በስሱ እየነካኩ መውረድ ነው የሚያግለው። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከለሰለሰ፣ አሮጌው የላስቲክ ቱቦ ሲጫን እየተነፋ ይሆናል፤ በብረት መረብ የተሸፈነው ቱቦ ከትልቅ ዲስክ በጣም ይረክሳል፣ ለውጡም ወዲያው ይታወቅሃል። ዘይቱ እስኪቀየር ግን በዚያ ሁኔታ አትውረድ።

ጥያቄ፦ ታንከሯን ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ) ላስቀባት ነው፣ ምን ትላለህ?
ከመጋላ

መልስ፦ ሊብሬህ ላይ ቀለሟ ተጽፏል፤ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ ከዚያ ቀቢ ፈልግ። ማት ቀለም ቤንዚን ሲነካው ይበላሻል፣ ጥሩ መከላከያ ካልተቀባበት ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር ነጠብጣብ ይቀርበታል። ጥቁሩን ግን እንደገና አስብበት አቦ። ቀትር ላይ አሸዋ ገበያ አቁመሃት ስትመለስ በጉልበትህ ታንከሩን ስታቅፍ ይገባሃል።